የአንጀት ረቂቅ ተሕዋስያን ንቅለ ተከላ ለጉበት ስብ በሽታ

የአንጀት ረቂቅ ተሕዋስያን ንቅለ ተከላ ከጤነኛ ሰው ሰገራ የተገኙ ባክቴሪያዎችንና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያንን አጣርቶ ወደ ታማሚ ሰው አንጀት የማስገባት ሕክምና ነው። ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ለሚያስከትለውና እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው የአንጀት ኢንፌክሽን ፍቱንነቱ ተረጋግጧል። ለጉበት ስብ በሽታ ግን ገና በምርምር ላይ ያለ ሙከራ ነው፤ የአሜሪካም ሆነ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለዚህ በሽታ አልፈቀዱትም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በሽታው

ጤነኛ ጉበትም ጥቂት ስብ ይይዛል። ከጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስብ አጠራቅመው ሲገኙ ነው ሁኔታው በሽታ የሚባለው። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ፋቲ ሊቨር ይሉታል። በዓለም ላይ ከአዋቂዎች ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል።

በአማርኛ የጉበት ሕመም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን የወፍ በሽታ ነው፤ በኢትዮጵያ ሐኪሞችም ዘንድ ቀድሞ የሚጠረጠረው በአብዛኛው የሄፓታይተስ ቫይረስ ነው። የጉበት ስብ በሽታ ግን እንዲህ ያለ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። አብዛኞቹ ታማሚዎች የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ በተነሱት አልትራሳውንድ ወይም በተለመደ የደም ምርመራ ላይ በአጋጣሚ ሲታይ ነው።

በ1980 በአሜሪካ ሚኔሶታ የሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ የ20 ታማሚዎችን ታሪክ አሳተሙ። የሰዎቹ ጉበት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የአልኮል ጠጪ ጉበት ይመስል ነበር፤ ታማሚዎቹ ግን ጠጪዎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ በሽታው ለረጅም ጊዜ «ከአልኮል ውጭ የሚመጣ የጉበት ስብ በሽታ» ሲባል ቆይቶ፣ በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ስሙን ቀየሩት። አዲሱ ስም በሽታውን በሌለው ነገር ሳይሆን ባለው ነገር ይጠራዋል፤ ማለትም ሰውነት ስኳርንና ስብን ከሚጠቀምበት ሥርዓት መዛባት ጋር ያያይዘዋል። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የወገብ ውፍረት፣ የደም ግፊትና የደም ስብ መብዛት ዋና ዋናዎቹ ተጓዳኞች ናቸው። ቀጫጭን ሰዎችም ይያዛሉ።

ስቡ ብቻውን ሲሆን ጉዳቱ ዝግተኛ ነው። በአንዳንዶች ላይ ግን ጉበቱ ይቆጣል፤ ብግነቱ ሲቆይ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳው ሲደራረብ ሲሮሲስ ይሆናል፤ ከዚያም የጉበት ካንሰር ሊከተል ይችላል። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የታማሚዎቹ ትልቁ ገዳይ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው።

የሕክምናው መሠረት ክብደት መቀነስ ነው። ከሰውነት ክብደት 5 በመቶ መቀነስ የጉበትን ስብ ያሳንሳል፤ ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብግነቱን ያበርዳል፤ 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሰ ሰው ጠባሳው ጭምር ሊሻሻልለት ይችላል። ችግሩ ብዙ ሰው ይህን ያህል አለመቀነሱ፣ የቀነሰውም መልሶ መጨመሩ ነው። በመድኃኒት በኩል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮም የተባለውን እንክብል፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድን ፈቅዷል። ሁለቱም የተፈቀዱት ብግነት ላለባቸውና ጠባሳቸው ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ደረጃ ለደረሰ፣ ነገር ግን ሲሮሲስ ላልሆነባቸው ታማሚዎች ነው። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ለበሽታው ተብሎ የተፈቀደ አንድም መድኃኒት ስላልነበረ፣ ተመራማሪዎች ወደ አንጀት ፊታቸውን ያዞሩት በባዶ ሜዳ ላይ ቆመው ነበር ማለት ይቻላል።

አንጀት ከጉበት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛው ያህል የሚመጣው በፖርታል ደም መልስ በኩል ነው። ይህ ደም ሥር ከሆድ ዕቃ፣ በተለይም ከአንጀት፣ የተሰበሰበውን ደም በቀጥታ ለጉበት ያደርሳል። ስለዚህ ከአንጀት ሾልኮ ወደ ደም የገባ ነገር ሁሉ፣ ምግብም ይሁን መርዝ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉበትን ነው።

በአንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቁጥር በአንድ አዋቂ ሰው 38 ትሪሊዮን ገደማ ይገመታል፤ ከሰውየው የራሱ ሕዋሳት ቁጥር የሚተናነስ አይደለም። አብዛኞቹ በትልቁ አንጀት ይኖራሉ፤ ሰው ሊፈጨው ያልቻለውን ቃጫ ይፈጫሉ፣ ቫይታሚን ይሠራሉ፣ ከበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጋር ይሠራሉ። ስብስባቸው ሲዛባ ጉበትን በበርካታ መንገዶች እንደሚጎዳ ይታሰባል።

አንዱ መንገድ የአንጀት ግድግዳ መላላት ነው። ግድግዳው ሲላላ ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ቅርፊት የሚወጣ ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ወደ ደም ይዘልቃል፤ በጉበት ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይህን ሲያገኙ ወራሪ የመጣ ያህል ይቆጣሉ። ሌላው የሐሞት አሲድ ነው። ጉበት የሚሠራውን የሐሞት አሲድ የአንጀት ባክቴሪያዎች ይለውጡታል፤ የተለወጠው ተመልሶ ጉበት ሲደርስ ስብና ስኳር እንዴት እንደሚሠራባቸው የሚወስኑ መልእክቶችን ያዛባል ወይም ያስተካክላል። ኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሻሙ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ ጉበት ስቡን አሽጎ ወደ ደም የሚልከው በኮሊን ነውና እጥረቱ ስብ እንዲከማች ያደርጋል።

ከሁሉም የሚገርመው አልኮል ነው። ጠላና ጠጅ የሚያፈላው ዓይነት ሥራ በሆድ ውስጥም ይካሄዳል፤ ልዩነቱ ጠማቂዎቹ ባክቴሪያዎች መሆናቸው ነው። በ2019 የቻይና ተመራማሪዎች አንድ ያልተለመደ ታማሚ አቀረቡ፤ ሰውየው ከባድ የጉበት ስብ በሽታ ነበረበት፣ ስታርችና ስኳር ያለበት ምግብ ሲበላም ምንም ሳይጠጣ ይሰክር ነበር። ሐኪሞቹ መጀመሪያ እርሾን ጠርጥረው ለእርሾ የሚሆን መድኃኒት ሰጡት፤ አልረዳውም። በሰገራው ውስጥ የተገኘው አልኮል በብዛት የሚያመርት ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የተባለ ባክቴሪያ ነበር። ተመራማሪዎቹ ባጠኗቸው ሌሎች የጉበት ስብ ታማሚዎች ላይ ሲፈልጉ አልኮል አምራች የሆኑት የዚህ ባክቴሪያ ዝርያዎች በ60 በመቶዎቹ ተገኙ። ባክቴሪያው ለአይጦች ሲሰጥም የአይጦቹ ጉበት ስብ አጠራቀመ። «አልጠጣም» የሚለውን ታማሚ በጥርጣሬ ዓይን ማየት ለለመደ ሐኪም ይህ ጥናት ሊያስተክዝ ይገባዋል።

ከአይጥ የተገኘው ማስረጃ

ሐሳቡን ያቀጣጠሉት የአይጥ ጥናቶች ናቸው። በ2004 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የጄፍሪ ጎርደን ቤተ ሙከራ ከማንኛውም ጀርም ነጻ ሆነው ላደጉ አይጦች የተለመዱ አይጦችን የአንጀት ባክቴሪያ ሰጣቸው። በ14 ቀን ውስጥ የሰውነታቸው ስብ 60 በመቶ ያህል ጨመረ፤ የሚበሉት ምግብ ግን ቀንሶ ነበር። በ2013 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ወደ ጉበቱ ጉዳይ ተጠጉ። አንድ ዓይነት ስብ የበዛበት ምግብ ከተመገቡ አይጦች አንዳንዶቹ ሲታመሙ ሌሎቹ ደህና ሆነው ቀሩ። ከሁለቱም ወገን የተወሰደው ባክቴሪያ ከጀርም ነጻ ለሆኑ አይጦች ተሰጥቶ ሁሉም ያንኑ ስብ የበዛበት ምግብ ሲመገቡ፣ ከታመሙት የተቀበሉት በጉበታቸው ስብ አጠራቀሙ፤ ከጤነኞቹ የተቀበሉት ያን ያህል አልተጎዱም።

ይህ ውጤት ዝንባሌው ከባክቴሪያው ጋር አብሮ እንደሚተላለፍ ያሳያል። ይሁንና ከጀርም ነጻ የሆነ አይጥ ባዶ ቤት ነው፤ የገባበት ሁሉ ይሰፍርበታል። የሰው አንጀት ባዶ ቤት ሆኖ አያውቅም።

የሕክምናው ታሪክ

ሰገራን ለመድኃኒትነት መጠቀም ሲሰሙት ቢዘገንንም አዲስ ነገር አይደለም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ሐኪም ጌ ሆንግ ለምግብ መመረዝና ለከባድ ተቅማጥ በሰገራ የተዘጋጀ ፈሳሽ ማዘዙ ተመዝግቧል። በዘመናዊ ሕክምና መነሻ ሆኖ የሚጠቀሰው በ1958 በአሜሪካ ዴንቨር የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቤን አይዝማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ዘገባ ነው። አንቲባዮቲክ ከወሰዱ በኋላ በከባድ የአንጀት ብግነት ለተያዙ አራት ታማሚዎች የጤነኛ ሰው ሰገራ በፊንጢጣ በኩል ሰጥተዋቸው ተሻላቸው።

ነገሩ ዓለምን ያሳመነው ግን በ2013 ነው። በኔዘርላንድስ በተደረገ ጥናት የክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ካስቸገራቸው ታማሚዎች ንቅለ ተከላውን ከተቀበሉት 16 ሰዎች 13ቱ በመጀመሪያው ዙር ዳኑ። ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው። ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ስለነበረ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ።

አሠራሩ

ከባዱ ሥራ ለጋሽ መምረጥ ነው። ለጋሹ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ቤተሰቡ የጤና ታሪክ፣ በቅርብ ስለ ወሰዳቸው አንቲባዮቲኮች፣ ስለ ጉዞውና ስለ አኗኗሩ ይጠየቃል። ደሙ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ሰገራው ደግሞ ለጥገኛ ትሎች፣ ለአደገኛ ባክቴሪያዎችና መድኃኒት ለተለማመዱ ጀርሞች። ለመለገስ ከሚቀርቡት አብዛኞቹ ይህን ማጣሪያ አያልፉም።

ያለፈው ሰው ሰገራ ከጨው ውሃ ጋር ተበጥብጦ ይጣራል። ወዲያው ካልተሰጠ ግሊሰሮል ተጨምሮበት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ይህን የሚሠሩ የሰገራ ባንኮች አሉ። ለታማሚው የሚሰጠው በአፍንጫ በኩል እስከ ቀጭን አንጀት መጀመሪያ በሚገባ ቱቦ፣ በኮሎኖስኮፒ፣ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ፈሳሽ፣ ወይም በካፕሱል ነው። በካፕሱል ሲሆን ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ታማሚው የሚውጠው እንደማንኛውም መድኃኒት ነው።

በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች

በአምስተርዳም የማክስ ኒውዶርፕ የምርምር ቡድን በ2012 ውፍረትና የኢንሱሊን አለመታዘዝ ያለባቸውን 18 ወንዶች አጠና። ገሚሶቹ ከቀጫጭን ለጋሾች፣ ገሚሶቹ ደግሞ የራሳቸውን ሰገራ መልሰው ተቀበሉ። የራስን ሰገራ መመለስ እንደ ባዶ መድኃኒት ያገለግላል፤ ታማሚው ቱቦው ሲገባለት ያያል እንጂ የማንን እንደተቀበለ አያውቅም። ከ6 ሳምንት በኋላ ከቀጫጭኖቹ የተቀበሉት ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሻለ። ዜናው ብዙ ተስፋ ቀሰቀሰ። ያው ቡድን በ2017 በ38 ወንዶች ላይ ሲደግመው መሻሻሉ በ6ኛው ሳምንት ታየ፤ በ18ኛው ሳምንት ግን ጠፍቶ ነበር። ማን እንደሚጠቀም የሚወስነውም ታማሚው መጀመሪያ የነበሩት ባክቴሪያዎች ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

በቀጥታ ጉበትን ካዩት ጥናቶች ሁለቱ በ2020 ወጡ። በካናዳ ለንደን ኦንታሪዮ 21 የጉበት ስብ ታማሚዎች በዕጣ ተመድበው 15ቱ የሌላ ሰው፣ 6ቱ የራሳቸውን ተቀበሉ። በኤም አር አይ የተለካው የጉበት ስብ አልቀነሰም፤ የኢንሱሊኑ ሁኔታም አልተለወጠም። አንድ ነገር ግን ተሻሻለ፤ መጀመሪያ የቀጭን አንጀታቸው ግድግዳ ላልቶ የነበረ 7 ታማሚዎች የሌላ ሰው ከተቀበሉ ከ6 ሳምንት በኋላ ግድግዳው ጠበቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ከላይ ከተገለጸው የመርዝ መሹለክ መንገድ ጋር ስለሚገጥም ጥናቱን «አልሠራም» ብሎ ብቻ ማለፍ አይገባም።

ሁለተኛው የኔዘርላንድስ ነው። ለጋሾቹ ሥጋም ሆነ ወተትና እንቁላል የማይበሉ ቀጫጭን ሰዎች ነበሩ። 21 ታማሚዎች በ8 ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ፣ 10ሩ የለጋሾቹን 11ዱ የራሳቸውን ተቀበሉ፤ ከ24 ሳምንት በኋላም ከጉበታቸው በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ጉበትን በምስል ሳይሆን በሕዋሱ ማየት መቻሉ የዚህ ጥናት ትልቁ ጥቅም ነው። ከለጋሾቹ በተቀበሉት ላይ ብግነቱ የመቀነስ አዝማሚያ አሳየ፤ በጉበት ውስጥ ከብግነትና ከስብ ጋር የሚያያዙ አንዳንድ ጂኖች ሥራም ተለወጠ። የብግነቱ መቀነስ ግን በስታቲስቲክስ ሚዛን ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም።

ከእነዚህ የሚለይ ውጤት በ2022 ከቻይና ተዘገበ። 75 ታማሚዎች ተካፍለው 47ቱ በኮሎኖስኮፒ፣ ቀጥሎም ለሦስት ቀን በፊንጢጣ በኩል የለጋሽ ሰገራ ተሰጣቸው፤ 28ቱ የፕሮባዮቲክ መድኃኒት ዋጡ። ንቅለ ተከላውን በተቀበሉት ላይ የጉበት ስብ ቀነሰ፤ ጥቅሙም ከወፍራሞቹ ይልቅ በቀጫጭኖቹ ታማሚዎች ላይ ጎላ። ሆኖም አንደኛው ቡድን ኮሎኖስኮፒ ሲደረግለት ሌላው የሚዋጥ መድኃኒት ስለተሰጠው፣ ታማሚዎቹ የትኛውን ሕክምና እንዳገኙ ያውቁ ነበር። ሁለቱም ወገን ጤናማ እንዲመገቡና በየቀኑ ከ40 ደቂቃ በላይ እንዲንቀሳቀሱ ታዘው ነበርና፣ ብዙ የተደረገለት ታማሚ ትእዛዙንም ይበልጥ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። በጉበት ስብ ላይ ምክርና እንቅስቃሴ ብቻቸውን ለውጥ ስለሚያመጡ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም።

ለምን እንደ ተቅማጡ አልሠራም?

በክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የታመመ ሰው አንጀት በአንቲባዮቲክ የተመታ ነው፤ ነባሮቹ ባክቴሪያዎች አልቀዋል። እንደታረሰ መሬት ነው፤ የተዘራበት ይበቅላል። የጉበት ስብ ታማሚ አንጀት ግን ሰብል የቆመበት ማሳ ነው። አዲሶቹ ባክቴሪያዎች ሥር ለመስደድ ከነባሮቹ ጋር መሻማት አለባቸው፤ ታማሚው የቀድሞ አመጋገቡን ከቀጠለም ምግቡ የሚቀልበው ነባሮቹን ነው። የአምስተርዳሙ ውጤት በ18ኛው ሳምንት መጥፋቱ ከዚህ ጋር ይስማማል። ከዚህም ሌላ በተቅማጡ በሽታ ጠላቱ አንድ የታወቀ ባክቴሪያ ነው፤ የጉበት ስብ ግን ከዘር፣ ከምግብ፣ ከክብደትና ከሆርሞን ጭምር የሚመጣ ስለሆነ ባክቴሪያው ቢስተካከል እንኳ ሌሎቹ ምክንያቶች ይቀራሉ።

በሌሎች የጉበት በሽታዎች

በጣም በታመመ ጉበት ላይ የተገኙት ውጤቶች ይበልጥ ያነጋግራሉ። በ2017 የሕንድ ሐኪሞች ለስቴሮይድ በማይመቹ 8 ከባድ የአልኮል ሄፓታይተስ ታማሚዎች ላይ ሞክረው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ቀድሞ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ጋር ሲነጻጸሩ በእጅጉ በልጠው ታዩ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ቨርጂኒያ የጃስሞሃን ባጃጅ ቡድን ጉበታቸው ደክሞ አእምሯቸው የሚታወክባቸውን 20 የሲሮሲስ ታማሚዎች አጠና። በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቀጠሉት 10 ሰዎች 5ቱ ሕመሙ ሲመለስባቸው፣ ንቅለ ተከላውን ከተቀበሉት 10 ሰዎች አንድም አልተመለሰበትም። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ የሕንዱ በዕጣ የተደለደለ አልነበረም።

አደጋው

አብዛኞቹ ተቀባዮች የሚያጋጥማቸው የሆድ መነፋት፣ ቁርጠትና ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ተቅማጥ ነው። ነገር ግን በሰኔ 2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከባድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከአንድ ለጋሽ የተዘጋጀ ካፕሱል የዋጡ ሁለት ታማሚዎች ብዙ አንቲባዮቲኮችን በሚቋቋም ኢ. ኮላይ ደማቸው ተመርዞ አንደኛው ሞተ። ሟቹ የደም ሕዋስ ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ነበር፤ የተረፈው ደግሞ የሲሮሲስ ታማሚ። ካፕሱሎቹ ሲዘጋጁ ለጋሹ ለዚህ ዓይነት ባክቴሪያ አልተመረመረም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምርመራው ግዴታ ሆኗል፤ በ2020 ደግሞ የኮቪድ 19 ማጣሪያ ተጨመረ።

ጉበቱ በጠና የታመመ ሰው ከአንጀት ሾልኮ የመጣ ባክቴሪያን የማጣራት አቅሙ የደከመ ስለሆነ፣ ተስፋ የሚጣልበት ታማሚና ለአደጋ የተጋለጠው ታማሚ አንድ ሰው ይሆናሉ። በቤት ውስጥ የዘመድን ሰገራ በማቀላቀያ በጥብጦ መጠቀምም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው፤ ጤነኛ የሚመስል ለጋሽ እርሱን የማይጎዳው፣ ታማሚውን ግን የሚገድል ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ውፍረትን የመሰለ ዝንባሌ ከለጋሹ አብሮ ይተላለፍ እንደሆነም ይጠየቃል፤ በአይጥ መተላለፉ ታይቷልና በለጋሽ ምርጫ ላይ ክብደት የሚታየው ለዚህ ጭምር ነው።

አሁን ያለበት ደረጃ

በአሜሪካ ሬቢዮታ በኅዳር 2022፣ ቫውስት የተባለው ካፕሱል ደግሞ በሚያዝያ 2023 ተፈቅደዋል። ሁለቱም ከሰው ሰገራ የሚዘጋጁ ሲሆኑ የተፈቀዱት ተመላላሹን የክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል ኢንፌክሽን ለመከላከል ብቻ ነው። በጉበት ስብ በኩል ምርምሩ ለጋሽንና ተቀባይን አስቀድሞ ማዛመድን፣ በካፕሱል ደጋግሞ መስጠትንና ንቅለ ተከላውን ከአመጋገብ ለውጥ ጋር ማጣመርን ይመለከታል።

ሌላው አቅጣጫ ሙሉውን ሰገራ ትቶ የተመረጡ ባክቴሪያዎችን ብቻ መስጠት ነው። በቤልጅየም የፓትሪስ ካኒ ቡድን በ2019 ባሳተመው ጥናት 32 ውፍረት ያለባቸው ሰዎች አከርማንሲያ ሚዩሲኒፊላ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ወይም ባዶ መድኃኒት ለሦስት ወር ወሰዱ። ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የተሻሻለው ባክቴሪያውን በወሰዱት ላይ ነው፤ ያውም ሕያው የሆነውን ሳይሆን እንደ ወተት በሙቀት ተገድሎ የተሰጠውን።